ያባከንናቸው ሁለት ሰኔዎች

በሰሜንና በወገራ ሰው ሲገደል የሟች ወገን ጠመንጃውን አንሥቶ ይወጣል፤ ሽማግሌ ደግሞ መንገድ ላይ ይጠብቀዋል። ደም አድራቂዎቹ አንዴ ቢመለሱ ሁለተኛ ይሄዳሉ፣ ቄሱ መስቀል ይዞ ይለምናል። ይህን ሥርዓት ያቆየ አገር፣ በሰኔ 2012 ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች የፌዴራሉን መንግሥትና ሕወሓትን ሊያስታርቁ መቀሌ ድረስ ሄደው ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ ዝም ማለቱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሁለተኛ የላካቸው መኖሩን አልሰማሁም። በአራት ወር ተኩል ውስጥ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ሌሊት፣ የሰሜን ዕዝ ተጠቃ፤ ጦርነቱም ተጀመረ።

ጦርነት ሁሉ ኃጢአት ነው አልልም። ምኒልክ ከ1881ዱ የውጫሌ ውል በኋላ ዓመታት በደብዳቤ ተከራክረዋል። ክተት ካወጁ በኋላም እንኳ በ1888 መቀሌ ምሽግ ውስጥ በውኃ ጥም የተያዘውን የጣሊያን ጦር ከነመሣሪያው አስወጥተው ለእርቅ በር ከፍተዋል። ዘዳግም 20ም ወደ ከተማ ለጦርነት የቀረበ አስቀድሞ ሰላም ይጥራ ይላል። አዲ አርቃይ በትግራይ ተዋጊዎች ሲያዝ ጠመንጃውን ይዞ የወጣው የደባርቅ ገበሬም ሌላ ምን ምርጫ ነበረው? እሱን አልወቅስም። የምወቅሰው ነገሩ እዚያ እስኪደርስ ድረስ ጊዜውን በእጃቸው ይዘው የነበሩትን ነው።

ሁለተኛው ሰኔ የባሰ ያቃጥላል። ሰኔ 21 ቀን 2013 የፌዴራሉ መንግሥት የተናጠል ተኩስ አቁም አወጀ፤ ገበሬው ክረምቱን እንዲያርስ ተብሎ። በአንድ እጅ ተኩስ ሲቆም በሌላው የትግራይ መብራት፣ ስልክና ባንክ ተዘግቶ ቀረ። ሕወሓትም ቅድመ ሁኔታ ደርድሮ፣ ብዙም ሳይቆይ ጦሩን ወደ አማራና ወደ አፋር አዘመተ። ሁለቱም ድል በእጃቸው ያለች መስሏቸው ነበር።

ተኩስ አቁሙ ከታወጀ ሁለት ወር እንዳለፈ ነገሩ ዳባት ወረዳ ጭና ተክለሃይማኖት ደረሰ። ከነሐሴ 25 እስከ 29 የትግራይ ተዋጊዎች በገበሬ ግቢ መሽገው ተዋጉ፤ በሬው ታረደ፣ ባለቤቱ በደጁ ተረሸነ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በእነዚያ ቀናት የተገደሉ 26 ሰላማዊ ሰዎችን መዝግቧል፤ የአካባቢው ባለሥልጣናት የተናገሩት ከመቶ በላይ ነው። ጦርነቱ ፍትሐዊ ነው አይደለም እያልን ስንከራከር፣ መሣሪያ ያላነሣ ሰው በጓሮው መገደሉን በየትኛውም ሚዛን ትክክል የሚያደርግ ክርክር የለም። እንዲህ ያለው በትግራይ ገበሬ ላይ ሲደርስም ይህ ቃል አይለወጥም።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ በፌዴራሉ መንግሥት በኩል ሬድዋን ሁሴን፣ በሕወሓት በኩል ጌታቸው ረዳ ፈረሙ፦ ተኩስ ይቁም፣ ትጥቅ ይፈታ፣ የተቋረጠው አገልግሎት ይመለስ። በሰኔ 2013 በየወገናቸው ስም ለጋዜጠኛ ሲናገሩ የነበሩትም እነሱው ነበሩ። ያኔ ተገናኝተው ይህንኑ ወረቀት ፈርመውት ቢሆን ኖሮ የጭና ሰው በነሐሴ የሚጨነቀው ስለ ገብሱ ነበር።