መረጃን ማቆየት፣ ወገንን መጠበቅ

በውጭ አገር የምንገኝ ተማሪዎች ስለ ምርምር ስንነጋገር ብዙውን ጊዜ የምናነሳው ውጤቱን ነው፤ ጽሑፉ ታተመ ወይ? ዲግሪው ተገኘ ወይ? ውጤቱ የቆመበት መረጃ ከምረቃ በኋላ የት እንደሚገባ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ነገሩ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ጉዳይ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። በጂዛን ክፍለ ሀገር ባለችው በአል-ዒዳቢ የሰነበትንባቸው ሳምንታት ግን የሰው ሕይወት ጉዳይ መሆኑን አሳይተውናል።

ጂዛን ማንኛውም የሕክምና ተማሪ ሊያውቃት የሚገባ ስፍራ ናት። የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ከአፍሪካ ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ በወረርሽኝነት የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2000 በዚሁ ክፍለ ሀገርና በአጎራባቹ የየመን ምድር ነበር። በሳውዲ በኩል ብቻ ከ880 በላይ በሽተኞች ተመዘገቡ፤ ከሰባቱ አንዱ ያህል ሞተ። ቫይረሱ ሲመረመር እ.ኤ.አ. በ1997 እና በ1998 ምሥራቅ አፍሪካን ካጠቃው ጋር እጅግ የተቀራረበ ሆኖ ተገኘ። ይህን ለማለት የተቻለው የፊተኛው ወረርሽኝ ናሙና በወጉ ተጠብቆ፣ ቀኑና ቦታው ተጽፎበት፣ ለሚያመሳክር ሰው ስለ ተገኘ ነው። ከአንድ ሰው መሳቢያ ውስጥ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ የበሽታው መንገድ ባልታወቀ ነበር።

ወደ አል-ዒዳቢ የሄድነው አንድ የዶክትሬት ተማሪ ወገናችን በትኩሳት በሽተኞች ላይ የሚያደርገውን ጥናት ለማገዝ ነው። ከበሽተኞቹ ብዙዎቹ በየመን በኩል ተራራውን አቋርጠው የመጡ የአገራችን ልጆች ናቸው። ከእርሱ በፊት ሌላ አጥኚ የሰበሰበው የኤክሴል ሰነድ ተሰጥቶት ነበር። አንደኛው አምድ «ቁ2» ይላል፤ በሥሩ 1፣ 2 እና 9 ተደርድረዋል። 9 ምን ማለት ነው? አልተጠየቀም? መልስ አልሰጠም? ወይስ ሞቷል? የሚያስረዳ ወረቀት አልነበረም። የሕክምናው ቀን ግማሹ በሂጅራ፣ ግማሹ በፈረንጅ አቆጣጠር ተጽፏል። የወገኖቻችን የትውልድ ዘመን ደግሞ በእኛ አቆጣጠር እንደ ተናገሩት ገብቷል፤ «በ1990 ተወለድኩ» ያለው ወጣት ዕድሜው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ተጨምሮበታል። አንዱ ሰው አንዴ በአባቱ፣ አንዴ በአያቱ ስም እየተጠራ ሁለት በሽተኛ ሆኗል። የብዙ ወራት ድካም፣ ከዚያም በላይ የበሽተኞቹ ደም፣ እንዲሁ ባከነ።

ታዲያ መፍትሔው ሁሉንም ገልጦ ለሁሉም መበተን ነውን? አይደለም። ከወሎ የመጣ አንድ ወጣት ደም ስንቀዳለት የጠየቀን አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ወንድሞቼ፣ ስሜ ተጻፈ እንዴ? ወረቀቱስ ወዴት ነው የሚሄደው?» ስሙ፣ መንደሩና ድንበሩን ያቋረጠበት ቦታ ባንድ መዝገብ ከሰፈሩ፣ ያ መዝገብ ለጥናት የተባለ ቢሆንም ለእሥርም ሊያገለግል ይችላል።

ሁለቱን አስታርቆ መሥራት እንደሚቻል የሚያሳይ ምሳሌ አለ። ሂውማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 በዚሁ ድንበር ስለ ተገደሉ ኢትዮጵያውያን ያወጣው ዘገባ ለመሻገር ከሞከሩ 38 ሰዎች ቃል፣ ከቪዲዮዎችና ከሳተላይት ፎቶግራፎች የተጠናቀረ ነው። የሳውዲ መንግሥት ክሱን አስተባብሏል። ለእኛ ትምህርት የሚሆነው የምስክሮቹ ስም ተሸሽጎ ሳለ የተጠናበት ዘዴ ግን በገሃድ መጻፉ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመውና ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የሚጠቀሰው መመሪያም የሚለው ይህንኑ ነው፤ መረጃ የሚገኝ፣ የሚደረስበት፣ ከሌላው ጋር የሚጣጣምና ዳግም ለሥራ የሚውል ይሁን። የሚደረስበት ማለት በር የሌለው ማለት አይደለም፤ በሩ የት እንዳለና ቁልፉን ማን እንደያዘ የታወቀ ማለት ነው። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ብሔራዊ ፖሊሲ በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ የምርምር ጽሑፍ ለሁሉም ክፍት ሆኖ እንዲቀመጥ ይጠይቃል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የግለሰቡን ምሥጢር ያስከብራል። ሁለቱ አይጣሉም።

ስለዚህ በዶክትሬት ጥናት ላይ ላሉ ጓደኞቻችን ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ የእያንዳንዱን አምድ ትርጉም፣ የዘመን አቆጣጠሩንም ጭምር፣ መረጃ መሰብሰብ በተጀመረበት ቀን መጻፍ። ሁለተኛ፣ ስምን ከመዝገቡ ለይቶ በቁጥር መተካትና የስሙን ዝርዝር ሌላ ቦታ መቆለፍ፤ ትንሽ መንደርና ትክክለኛ ቀን አብረው ሲታዩ ስም ከመጥራት እንደማይለዩም አለመርሳት። ሦስተኛ፣ ቅጂውን በአንድ ላፕቶፕና በአንድ ፍላሽ ላይ ብቻ አለመተው፤ ስም የሌለበትን መረጃ ከማብራሪያው ጋር በታወቀ የመረጃ ቋት ማስቀመጥ፤ ለአገር ቤት ተመራማሪም መዳረሻውን ማሳወቅ።

ፈርቶ ሁሉን መዝጋትም ጉዳት አለው። ያልተቆጠረ በሽተኛ መድኃኒት አይመደብለትም። ለወሎው ወጣት ስሙ እንደማይሄድ፣ በሽታው ግን እንደሚጻፍ ነገርነው። ጥቂት አሰብ አድርጎ እጁን ዘረጋልን። እኛም ይህን ቃል የምንጠብቅበትን መንገድ የማኅበሩ ቅርንጫፎች በየስብሰባቸው እንዲወያዩበት እንጠይቃለን።