ከሽመናው ጉድጓድ የሚሰማ ቋንቋ

ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ የሚያቀናውን መንገድ የያዘ ሰው የአሜሪካን ኤምባሲ አልፎ ሽሮ ሜዳ መድረሱን የሚያውቀው በነጩ ልብስ ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ነጠላው፣ ጋቢውና ጥለቱ ያማረው ቀሚስ ተሰቅሎ ይታያል። የበዓል ልብስ የፈለገ ሁሉ ወደዚህ ይመጣል፤ በዋጋ ይከራከራል፤ ገዝቶም ይመለሳል። እኛ ግን ባለፈው ቅዳሜ የሄድነው ለመግዛት ሳይሆን ለመስማት ነበር።

ከሱቆቹ ጀርባ ባለችው ቀጭን መንገድ ወደ ውስጥ ሲገቡ የገበያው ጫጫታ ይቀንስና የመወርወሪያው ድምፅ ይጀምራል። በአንዲት ጠባብ ቤት ሦስት ሸማኔዎች እግራቸውን ወደ ጉድጓዱ ሰድደው ይሠራሉ። የሚነጋገሩበት ቋንቋ አማርኛ አይደለም፤ ዶርዜኛ ነው።

የዶርዜዎች አገር ከአርባ ምንጭ በላይ፣ በጨንቻ አጠገብ ያለው የጋሞ ደጋ ነው። ከቀርከሃ የሚሠሩት ረጅም ቤታቸውና እንሰታቸው የታወቁ ናቸው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ወዲህ በየጊዜው ብዙዎቹ ሙያቸውን ይዘው መጡ። የከተማው ሰውም ከጋሞ ደጋ የመጣውን ሸማኔ ሁሉ፣ የየትኛውም ቀበሌ ሰው ቢሆን፣ «ዶርዜ» ይለው ጀመር። ስሙ እንዲህ ቢሰፋም ቋንቋው ትንሽ ነው። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ አፍ መፍቻችን ነው ያሉት 20 ሺህ ያህል ነበሩ። ሊቃውንት ከኦሞአዊ ቋንቋዎች ወገን ይመድቡታል፤ የጋሞኛ ዘዬ ነው የሚሉም አሉ።

ከሦስቱ ሸማኔዎች በዕድሜ የገፉት ልጃቸውን በዶርዜኛ አንድ ነገር አዘዙት። ልጁ ማግ የተጠቀለለበትን ቀሰም አምጥቶ፣ «ይኸው አባዬ» አላቸው፤ በአማርኛ።

«አባቴ፣ ልጅዎ ዶርዜኛ አይችልም?» አልናቸው።

«ይሰማል ልጄ፤ ግን አይመልስም። እኔ ሙያውንም አነጋገሩንም የተማርሁት ከአባቴ ጎን ተቀምጬ ነው። ይህ ግን ትምህርት ቤት ይውላል። ተማር ብዬ የላክሁት እኔው ነኝ፤ ታዲያ ማንን እወቅሳለሁ?»

ይህ ነገር የሽሮ ሜዳ ብቻ አይደለም። ከ800 በላይ ቋንቋዎች ባሉባት በፓፑዋ ኒው ጊኒ ጋፑን የምትባል ትንሽ መንደር አለች፤ ቋንቋዋም ታያፕ ይባላል። ዶን ኩሊክ የተባለው ተመራማሪ በ1978 ዓ.ም. ገደማ እዚያ ሲያጠና የቋንቋው ተናጋሪዎች 100 እንኳ አይሞሉም ነበር። ወላጆች ልጆቻቸውን በአብዛኛው የሚያነጋግሩት የአገሩ ሰው ሁሉ በሚግባባበት በቶክ ፒሲን ስለ ነበር፣ ትንንሾቹ ታያፕን ቢሰሙም አይናገሩትም ነበር። የከለከላቸው ግን አልነበረም።

ቋንቋን በትእዛዝ ማበጀትም አይሆንም። ወላይትኛን፣ ጋሞኛን፣ ጎፍኛንና ዳውሮኛን አንድ ላይ አደባልቆ «ወጋጎዳ» በሚል ስም ለትምህርት የቀረበው መጽሐፍ በ1992 ዓ.ም. በወላይታ ብርቱ ተቃውሞ አስነሣ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ፤ መጽሐፉም ቀረ። ዛሬ በጋሞ አገር ሕፃናት በጋሞኛ ይማራሉ። በሽሮ ሜዳ የሚያድግ ልጅ ግን የአባቱን ቋንቋ የሚያገኘው ከቤቱ ብቻ ነው። ከአንባቢዎቻችንም መካከል የአባቱን ቋንቋ እየሰማ በአማርኛ የሚመልስ አይጠፋም።

ልንሰናበት ስንል ሽማግሌው መወርወሪያውን አስቀመጡ። ለመስቀል በዓል ብዙዎቹ ሸማኔዎች ወደ ዶርዜ እንደሚሄዱ የታወቀ ነው። «ለሚመጣው መስቀል ልጁን ይዤው እሄዳለሁ» አሉን። «እናቴ አማርኛ አታውቅም። ሲርበው ይናገራል!»

ሦስቱም ሣቁ፤ ልጁም ሣቀ። እኛም ለመግዛት ሳንመጣ አንድ ነጠላ ገዝተን ወጣን።