ሲስተር የምንላት እህታችን



ጊንጪ ላይ ረቡዕ ማታ የምንሰበሰብ አንዲት ትንሽ የጸሎት ቡድን አለችን። ዐሥራ አንድ ነን። መብራት ሲጠፋ በሻማ፣ ዝናብ ሲከብድ በአንድ ጃንጥላ ሁለት ሦስት ሆነን እንመጣለን። ከመካከላችን አንዷ ነርስ ናት። ዐሥረኛ ክፍል ጨርሳ፣ ሦስት ዓመት ተምራ፣ የሲኦሲ ፈተናዋን አልፋ በደረጃ 4 የተመረቀች፣ በደንዲ ወረዳ ገጠርም ከተማም ዐሥራ ሁለት ዓመት ያገለገለች እህት ናት። ሰፈሩ ሁሉ «ሲስተር» ይላታል። እኛ ደግሞ በሁለት በኩል እህታችን ስለሆነች ስሟን ረስተነዋል ለማለት ይቻላል።

ባለፈው ዓመት በሥራ ቦታዋ ወሬ ተነሣ። ከእንግዲህ ዲግሪ የሌለው ነርስ ሕመምተኛ አጠገብ አይደርስም፣ ቦታው ለዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ይሰጣል የሚል ነበር። ወሬው ከየት እንደመጣ የሚያውቅ አልነበረም፤ ግን እንቅልፍ ነሣት። እኛም ወዲያው ወደ ጸሎት ገባን። ከወንድሞች አንዱ «ጌታ ጴጥሮስን ዲፕሎማ ጠይቆታል እንዴ?» አለ፤ ሳቅን፣ አሜን አልን። በሐዋርያት ሥራ 4፥13 ላይ ሸንጎው በጴጥሮስና በዮሐንስ የተደነቀው ያልተማሩ መሆናቸውን አይቶ እንደሆነ አነበብን። በዚያ ምሽት ያየነው መንገድ ግልጽ ነበር፦ ወረቀት የሰው ነው፣ ልብ ደግሞ የእግዚአብሔር ነው፤ እህታችን ልብ አላት፣ ስለዚህ ይበቃታል።

እርሷ ግን አሜን አላለችም። አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። ሲከፋት እንዲህ ስለምትሆን ብዙም አላስተዋልነውም።

በሚቀጥለው ረቡዕ ልትመሰክር ተነሣች። ምስክርነት ሲባል የለመድነው የምስጋና ነገር ነውና ለማጨብጨብ ተዘጋጅተን ነበር። የነገረችን ግን ሌላ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በማታ ተራዋ አንድ አረጋዊ አባት ተኝተው ነበር። የሳንባ ምች ነው ተብለው መድኃኒት ጀምረዋል። እጃቸውን ይዛ ጸልያላቸዋለች፣ ጋቢያቸውን ደርባላቸዋለች፣ ሻይ አፍልታ አምጥታላቸዋለች። እርሳቸውም «ኢንተላ ኮ» እያሉ ሲመርቋት አምሽተዋል። ትንፋሻቸውን ሦስት ጊዜ ቆጥራ በካርዱ ላይ ጽፋለች። 24፣ ከዚያ 28፣ ከዚያ 34። በየመካከሉ መቀባዠር ጀምረው ነበር፤ እርሷ እርጅናና ድካም መሰላት። ሐኪም የተጠራው ሲነጋ ነው። ሪፈር ተጽፎ መኪና ሲፈለግ እርሳቸው አረፉ።

«ቁጥሩን ጽፌዋለሁ፤ ምን እያለኝ እንደሆነ ግን አላነበብኩትም» አለችን። በኋላ አንዲት አዲስ የዲግሪ ምሩቅ ካርዱን አይታ ወዲያው ነገረቻት፤ ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ገብቶ ሰውነታቸው እየተሸነፈ እንደነበረ ሦስቱ ቁጥሮች በተራ ይናገሩ ነበር። ልጅቱ ይህን ያለችው በትዕቢት አልነበረም። «ሲስተር፣ እኛ ይሄን በደንብ ስለተማርነው ነው» ነበር ያለቻት።

ቤቱ ጸጥ አለ። ያ «ጴጥሮስን ዲፕሎማ ጠይቆታል እንዴ?» ያለው ወንድም ከሁላችን በላይ ወደ ወለሉ ያይ ነበር። የሞቱት አባት ቤተ ሰዎች በጊዜው ምን እንዳሉ ታውቃላችሁ? «ሲስተር እንዴት ያለች ደግ ልጅ ናት!» አሉ። እኛም ከቀብር መልስ ይህንኑ ደግመናል።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄውን በሳቅ ማለፍ አልቻልንም። ነርስ ለመሆን የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ያስፈልጋልን? ሁለት ወር ሙሉ በየረቡዑ ተከራከርንበት፣ አነበብን፣ ጸለይን፣ አንዳንዴም ተኳረፍን።

ካነበብነው ሁሉ በልባችን የቀረው የካይዘርስቬርት ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1836 ቴዎዶር ፍሊድነር የተባለ የሉተራን ፓስተር ከሚስቱ ጋር በዚህች የጀርመን ከተማ የዲያቆናውያት ቤት ከፈተ። ከገጠር የመጡ ተራ ልጃገረዶችን ሰብስቦ ሕመምተኛ እንዲያስታምሙ አሠለጠነ። ምሳሌው በሮሜ 16 ላይ ጳውሎስ የሚያመሰግናት ፌቤን ናት። ለእኛ ለወንጌላውያን ይህ የራሳችን ቤት ታሪክ ነው። ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1851 እዚያ ለሦስት ወር ያህል ተምራለች። ካረጀች በኋላ ያንን ቤት አስታውሳ ስትጽፍ ሁለት ነገር አለች፦ እንደዚያ ያለ ንጹሕ መሰጠት በሕይወቷ የትም አላየችም፤ ሕመምተኛ አያያዙ ግን ከምንም የማይቆጠር፣ ንጽሕናውም አስፈሪ ነበር። ሁለቱም በአንድ ቤት፣ በአንድ ጊዜ እውነት ነበሩ። ይህን ስናነብ እህታችን አለቀሰች። እኛም የዚያ ቤት ልጆች መሆናችን በሁለቱም በኩል ተሰማን።

ናይቲንጌል መሰጠቱን አልናቀችም፤ በ1860 ለንደን ላይ የከፈተችው ትምህርት ቤት ግን ሥልጠናን ከመልካም ልብ ጎን አቆመው።

የእኛም አገር የራሱ ታሪክ አለው፤ ያውም በደጃችን የሚያልፍ። ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ዘመን ለንደን ውስጥ በሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምራ ተመርቃለች፤ የንጉሥ ልጅ ሆና የሕመምተኛ አልጋ ማንጠፍ አላሳፈራትም። እ.ኤ.አ. በ1942 ነቀምት ላይ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር በ22 ዓመቷ አረፈች። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ በጊንጪና በአምቦ ነው የሚያልፈው። እኛ እህቶቻችንን በምጥ ቀን በአምቡላንስ የምንሸኝበት መንገድ ነው።

በስሟ በተሠራው ሆስፒታል ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤቷ ዶክተር ሬጅናልድ እ.ኤ.አ. በ1959 ሥራ ጀመሩ። ትምህርት ቤት ያልገባችው ማሚቱ ጋሼ ፊስቱላ ይዟት ወደ እነርሱ መጣች፤ ድና ቀረች፣ አልጋ ማንጠፍ ጀመረች፣ መሣሪያ ማቀበል፣ ከዚያም ራሷ ቀዶ ሕክምና መሥራት። በ1989 ከእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለመች። ከቡድናችን ዲግሪ አያስፈልግም የሚለው ወገን ይህን ሲሰማ «አላልናችሁም!» አለ። ነገር ግን ያው ቤት በ2007 የአዋላጆች ኮሌጅ ሲከፍት የአራት ዓመት ዲግሪ አደረገው፤ የገጠር ልጃገረዶችን ተቀብሎ አስተምሮ ወደመጡበት አካባቢ መልሶ ይልካቸዋል። ማሚቱ እንደ አጥቢያ ኮከብ ናት። በኮከብ ግን ለሁሉም ቀበሌ መብራት አይዘረጋም። ደግሞም እርሷ የተማረችው በብዙ ዓመት፣ በሁለት ታላላቅ ሐኪሞች እጅ ሥር ሆና ነው። ይህን ያልተማረ ካልነው ጳውሎስም በገማልያል እግር ሥር ያሳለፈውን ዘመን ልንሰርዝበት ነው።

ቁጥር ለሚወዱ ወንድሞች ደግሞ ሌላ ነገር ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2014 ዘ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በዘጠኝ የአውሮፓ አገሮች፣ በ300 ሆስፒታሎች ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ከ420 ሺህ በላይ ሰዎች ተመለከተ። ዲግሪ ያላቸው ነርሶች ድርሻ በ10 በመቶ በጨመረ ቁጥር ሕመምተኛው በ30 ቀን ውስጥ የመሞቱ ዕድል በ7 በመቶ ይቀንሳል። እዚህ ላይ ሁሉም የሚያቆም ይመስለናል። ጥናቱ ግን ይቀጥላል፦ ለአንዲት ነርስ አንድ ሕመምተኛ በተጨመረባት ቁጥር ያው ዕድል በ7 በመቶ ይጨምራል። እህታችን ያን ሌሊት ስንት ሕመምተኛ እንደነበራት ጠየቅናት። «አልቆጠርኩም፣ ወለል ላይም የተኙ ነበሩ» አለች። ዲግሪ ሁለት እጅ አይጨምርላትም ነበር። አውሮፓ ደግሞ ደንዲ አይደለም።

እዚህ ነገ ጠዋት ዲግሪ የሌለው ሁሉ ይውጣ ቢባል ምን ይሆናል? ከጊንጪ ወጣ ብለው ወደ ደንዲ ሐይቅ በሚወስደው ደጋ የሚኖሩ እናቶቻችን ማን ይቀበላቸዋል? በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመር መንግሥት ዐሥረኛ ክፍል የጨረሱ ልጃገረዶችን ለአንድ ዓመት አሠልጥኖ በየቀበሌው ሁለት ሁለት መደበ፤ ከ30 ሺህ በላይ ሆኑ። ዶክተር እስኪሞላ ቢጠበቅ ኖሮ የልጆቻችን ክትባት እስከ ዛሬ በቀጠሮ ነበር። ያቺው አዲስ ምሩቅም ብትሆን አንድ ቀን በተቅማጥ ደርቆ የመጣ ሕፃን ደም ሥር ጠፍቷት እጇ ሲንቀጠቀጥ፣ እህታችን ናት መብራት አስይዛ በመጀመሪያው ሙከራ ያገኘችው።

ስለዚህ እኛ የደረስንበት እንዲህ ነው፤ ከእኛ የተሻለ የሚያውቅ ያርመን። ዲግሪ መግቢያ በር ሆኖ በሩ ዛሬ ቢዘጋ የሚቀጣው ነርሷ ብቻ ሳትሆን ወለል ላይ የተኛው ነው። በሩ ክፍት ነው ብሎ ያለችበት ላይ መተው ደግሞ ያን አረጋዊ አባት ሁለተኛ ጊዜ መቅበር ነው። የምትሠራ ነርስ ሥራዋን ሳትለቅ የምትማርበት መንገድ ይከፈትላት፤ ወጪውም በእርሷ ደመወዝ ላይ ብቻ አይውደቅ። ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጸልይ (1፥9) ፍቅራቸው በእውቀትና በማስተዋል እንዲበዛ ነው የለመነው። ይህን ጥቅስ ስንት ዓመት በቃላችን ይዘነዋል። ፍቅሩን እየዘመርን «በእውቀት» የሚለውን እየዘለልነው ነበር።

እዚህ ላይ ስለራሳችን አንድ ነገር እንናዘዝ። ምረቃ በደረሰ ቁጥር ጋዎን ለብሰው የሚመጡትን ልጆች ፊት አውጥተን እናጨበጭባለን፣ ፎቶ እንነሣለን። ዐሥራ ሁለት ዓመት የማታ ተረኛ የሆነችውን እህት ግን አንድም ቀን ፊት ጠርተናት አናውቅም። ወረቀት አያስፈልግም ብለን የምንሰብከው እኛ፣ ለወረቀት የምናጨበጭበውም እኛው ነን።

ለአዲስ ሚክሰር ያጠራቀምነው ገንዘብ ነበረን። (የአሁኑ ሚክሰር እያፏጨ ነው፤ ታገሡን።) ከረጅም ክርክር በኋላ ለመጀመሪያው ዓመት ክፍያዋ እንዲሆን ተስማማን። አምቦ በሚገኝ ኮሌጅ የቅዳሜና እሑድ ትምህርት ተመዘገበች። አንድ ሽማግሌ «እሑድ አምልኮ ልትቀር ነው እኮ» ብለው ተጨነቁ፤ ጭንቀታቸው የእውነት ነበር። እርሷም «አባባ፣ ስንት እሑድ ተረኛ ሆኜ ስቀር አልጠየቁኝም» አለቻቸው። በሬው በሰንበት ጕድጓድ ስለገባበት ሰው (ሉቃስ 14፥5) ለራሳቸው አስበው ነው መሰለን፣ በነጋታው የመጀመሪያዋን የሚኒባስ ሒሳብ እርሳቸው ሰጧት።

አሁን ሁለተኛ መንፈቅ ላይ ናት። ልጇን ቅዳሜ ቅዳሜ በተራ እንይዛለን፤ ልጁም አስቸጋሪ ነው። ረቡዕ ማታ ደብተሯን ይዛ ትመጣና ከጸሎት በኋላ ታስጠናናለች፤ ዐሥራ አንዳችንም አሁን ትንፋሽ መቁጠር እናውቃለን። በዚህ ሳምንት የፋርማኮሎጂ ፈተና አለባት፣ ዋዜማውን ደግሞ የማታ ተረኛ ናት። በጸሎታችሁ አስቡልን።