ስለ ታፔላና ስለ ሙጫ የተማርነው

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለውን ተረት ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እየሰማን አድገናል። ነገር ግን ተረቱ ለእኛም የተነገረ መሆኑን የተረዳነው ባለፈው ክረምት፣ በተክለ ሃይማኖት ሠፈር፣ ከአንዲት ትንሽ የጀበና ቡና ቤት ደጃፍ ቆመን ነው። ብዕር ያነሣነው በራሳችን ለመሣቅ ብቻ አይደለም፤ ከመካከላችሁ ለማኅበር በዓል፣ ለቲያትር ምሽት ወይም ለኪስ ገንዘብ ሲል ተለጣፊ ጽሑፍ ለማሠራት የሚነሣ አይጠፋምና፣ እኛ የከፈልነውን ዋጋ ሌላው ደግሞ እንዳይከፍል በማሰብ ነው።

የቡና ቤቲቱ ባለቤት የክፍል ጓደኛችን እናት ናቸው። እቁባቸው በወጣላቸው ጊዜ ከገንዘቡ ላይ ቀንሰው፣ «ልጆቼ፣ እናንተ ፊደል የቆጠራችሁ ናችሁ፤ ሰው አይቶ የሚገባበት ታፔላ ሥሩልኝ» አሉን። ሥራው ለግንቦት 12፣ ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል እንዲደርስ ነበር፤ በዚያ ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚሄደው ሕዝብ በደጃቸው ያልፋልና። እኛም ሦስት የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች፣ ከፊደል በቀር ስለ ታፔላ አንዳች የማናውቅ፣ «ይህ ምን ያቅታል!» ብለን ተነሣን።

ሻጩ ሁለት ጥቅል ቪኒል አወጣልን። አንደኛው ስስና ለስላሳ ሲሆን ዋጋው የከበደ ነበር፤ ሁለተኛው ግን ወፍራምና አብረቅራቂ ሆኖ ሳለ ርካሽ ነው። እኛም እናቶቻችን ጋቢ ሲገዙ እንደሚያደርጉት በጣታችን ዳሰስነውና «ወፍራሙ ይበረታል» ብለን ፈረድን። ፊደሉን እዚያው በመሣሪያ አስቆረጥን፤ ማታ ቆርቆሮውን የዘይት ቀለም ቀባነው፤ ጧት ገና ሽታው ሳይጠፋ ለጠፍንበት። በዓሉም ደረሰ፣ ታፔላውም አማረ፣ እናታችንም መረቁን።

ሐምሌ ሲገባ የፊደሎቹ ጠርዝ መነሣት ጀመረ፤ ከሥራቸውም አቧራና ውሃ ገባ። በነሐሴ 24፣ ዳግመኛ በዓሉን ለማክበር ስንሄድ፣ የ«ቡ» ቅጥያ ተገንጥላ ወድቃ «ጀበና ቡና» ያልነው «ጀበና በና» ሆኖ አገኘነው። የሠፈር ልጆችም «በና አለ! በና አለ!» እያሉ ይጮኹ ነበር። እናታችን ግን አልተቆጡንም፤ «ቡናው ያው ቡና ነው፤ ግቡና ጠጡ» አሉን። ቢቆጡን ይሻለን ነበር። የእቁቡ ብር ወጥቶ ቀርቷልና፣ ያን ቀን ቡናው ከጉሮሯችን አልወርድ አለ።

ከዚያ በኋላ ነበር መጠየቅና ማንበብ የጀመርነው። ቪኒል የሚሠራው ፒቪሲ ከተባለው ፕላስቲክ ነው። ይህ ነገር በተፈጥሮው ደረቅ ሲሆን፣ በማለስለሻ ቅመም እንዲተጣጠፍ ያደረገው አሜሪካዊው ዋልዶ ሲሞን በ1926 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ ለታፔላ የሚቀርበው በሁለት መንገድ ይሠራል። ካለንደርድ የሚባለው በትኩስ መንከባለያዎች መካከል እየተዳመጠና እየተሳበ የሚወጣ ነው፤ ተገዶ መሳቡንም አይረሳም፤ ፀሐይ ሲያገኘው ወደ ቀድሞ መጠኑ ለመመለስ ይሰበሰባል። ካስት የሚባለው ደግሞ እንደ እንጀራ ሊጥ በንጣፍ ላይ ፈስሶ በምድጃ የሚበስል ነው፤ የጎተተው ስለሌለ እምብዛም አይሰበሰብም። እንግዲህ ውፍረት የጥንካሬ ምልክት አይደለም፤ ካስቱ 50 ማይክሮን ያህል ሲሆን ካለንደርዱ ከ70 እስከ 100 ማይክሮን ይደርሳል። ጣታችን ያታለለን በዚህ ነው።

ካለንደርዱም ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። ሞኖመሪክ በሚባለው ውስጥ ያለው ማለስለሻ ቶሎ እየሸሸ ስለሚወጣ ቪኒሉ ይደርቃል፣ ይሰበሰባል። በፖሊመሪክ ውስጥ ያለው ግን ረግቶ ይቀመጣል። የእኛ ሞኖመሪክ ነበር። በዚህ ላይ የከተማችን ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ በየ1,000 ሜትሩም የፀሐይ ጎጂ ጨረር 10 በመቶ ያህል እንደሚጨምር የዓለም የጤና ድርጅት ያስረዳል። ስለዚህ ሠሪዎቹ ለዝቅተኛና ለቀዝቃዛ አገር አስበው የጻፉትን የዕድሜ ተስፋ እኛ ቀንሰን ማንበብ ይገባናል።

የፊደላችንም ነገር አለ። የግዕዝ ፊደል ድምፁን የሚለውጠው በትንንሽ ቅጥያና ቀለበት ነው። እነዚህ ቀጫጭን ክፍሎች የሚይዛቸው ሙጫ ጥቂት በመሆኑ መጀመሪያ የሚነሡት እነርሱ ናቸው። ስለዚህ ከማስቆረጥ በፊት ቅጥያዎቹን ወፈር ማድረግ ያስፈልጋል።

ሆኖም ጥፋቱን ሁሉ በቪኒሉ ላይ መጫን ሐሰት ይሆንብናል። ያልደረቀ የዘይት ቀለም ትነት ያወጣል፣ ሙጫውንም ያላቅቃል፤ ቢያንስ አንድ ሳምንት ልንታገሥ ይገባን ነበር። ሰሌዳውንም በሳሙና አጥበን፣ አድርቀን፣ በአልኮል መወልወል ነበረብን። ይህን ባለማድረጋችን ውድ የሆነውንም ብንገዛ ኖሮ ባልዳንን ነበር።

እንግዲህ ለመግዛት የምትሄዱ ወንድሞችና እኅቶች፣ አስቀድማችሁ ሥራውን እወቁ። ለአንድ ሳምንት የስብሰባ ማስታወቂያ ርካሹ ይበቃል፤ ሙጫውም ተነቃይ ቢሆን የግድግዳውን ቀለም አይልጥም። ለጠፍጣፋ የደጅ ታፔላ ፖሊመሪኩ ይሻላል። ጎባጣና ብሎን ለበዛበት የታክሲ አካል ግን ካስቱ ነው። የሠሪው ስምና የዕቃው ቁጥር ከጀርባ ወረቀቱ ላይ ወይም ከጥቅሉ ላይ እንዳለ ተመልከቱ። ጊዜ ካላችሁ ቁራጭ ለምናችሁ መስተዋት ላይ ለጥፉት፤ በምላጭም መስቀለኛ ቁረጡትና ፀሐይ ላይ አቆዩት። የተቆረጠበት ቦታ አፉን ከከፈተ ቪኒሉ ይሰበሰባል ማለት ነውና ተዉት።

እኛ ከኪሳችን አዋጥተን በፖሊመሪክ እንደገና ሠራንላቸው፤ ቀለሙንም ዐሥር ቀን ጠበቅነው። እናታችን ብሩን አንመልስም እንዳንል ፈርተው ይሁን አይሁን አናውቅም፣ ከዚያ ወዲህ የቡና ሒሳብ አይቀበሉንም። ይህም አዲስ ዕዳ ሆኖብን ሰንብቷል። ታፔላው ግን እስከ ዛሬ አንዲት ቅጥያ አልጎደለበትም፤ በዚያ ባለፍን ቁጥርም ቀና ብለን መጀመሪያ የምናየው «ቡ»ን ነው።