ጀምበር ሥራ ያገኘ ዕለት

ኮሚክ የምትወዱ ወዳጆቼ፣ ዛሬ ቲዎሪ ይዤላችሁ መጥቻለሁ። ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

ለማታውቁት ባጭሩ፦ «ጀምበር» ብሥራት ደበበ የጻፈውና እጣን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 በአማርኛና በእንግሊዝኛ ያወጣው የሱፐርሂሮ ኮሚክ ነው። ባለታሪኩ አማኑኤል ጥላሁን ይባላል። ኮሌጅ ጨርሶ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ ሲፈልግ ነው ከሰው በላይ የሆነ ኃይል የሚያገኘው።

ሰሞኑን ሜክሲኮ፣ የጀሞ ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ከፊቴ የቆሙ ሁለት ልጆች ስለ እሱ ሲከራከሩ ሰማሁ። አንዱ «ኃይሉ ከአክሱም ነው፤ የሆነ ቀን ከሐውልቶቹ ሥር አንድ ነገር ይወጣል» ይላል። ሌላው «ባክህ ከታቦተ ጽዮን ጋር ነው የሚያያዘው» ብሎ ድርቅ አለ። ለካ ከኋላዬ የቆሙ አንዲት እናት ጆሯቸውን ሰጥተው ኖሯል። «ማነው እሱ ልጆቼ?» አሉ።

«ኮሚክ ላይ ያለ ጀግና ነው እማማ። የእውነት ሰው አይደለም።»

«ይሁና! የማን ልጅ ነው?»

ሰልፉ በሳቅ አለቀ። እኔ ግን ከልጆቹ ክርክር ይልቅ የእማማ ጥያቄ ነው ልቤ ውስጥ የቀረው፤ ምክንያቱም እንደ አንባቢ ሁላችንም የምንጠይቀው እሱን ነው። ሌላ አገር ያለ አድናቂ «ቀጥሎ ምን ይመጣል?» እያለ እንቅልፍ ሲያጣ፣ እኛ «ይሄ ሰውዬ ማን ነው? ከየት ነው?» እንላለን። በ2001 ዓ.ም. የይስማዕከ ወርቁ ልብ ወለድ «ዴርቶጋዳ» ሲወጣ የነበረውን አስታውሱ። ገጸ ባሕሪውን ኢንጂነር ሻጊዝ እጅጉን ያነበበ ሁሉ በ1998 ዓ.ም. ያረፈውን የጠፈር ሳይንቲስት ቅጣው እጅጉን አነሳ። መጽሐፉ ውስጥ ያለው የጣና ምስጢር እውነት ይሁን ልብ ወለድ ስንከራከር ስንት ቡና ጠጣን! «ብላክ ፓንተር» ሲኒማ ቤት ሲገባም እንደዚያው ነበር። ፊልሙ ውስጥ ያለችው ዋካንዳ እነ ስታን ሊና ጃክ ከርቢ እ.ኤ.አ. በ1966 የፈጠሯት አገር ናት፤ እኛ ግን በቅኝ ያልተገዛች መሆኗን ሰምተን «ይቺማ እኛው ነን» ብለን አረፍን።

ይሄን አልጠላውም። ታሪክ ያለው ሕዝብ ጀግናውን ከታሪክ ቢወልድ ምን ይገርማል? ቅር የሚለኝ ሁሉን ነገር አክሱም ወስደን ስናስረው ነው። ደራሲው ዓይናችን ሥር ያስቀመጠውን ትልቁን ፍንጭ እንዘለዋለን፤ አማኑኤል ሥራ ፈላጊ ነው።

እስቲ ከትልልቆቹ ጋር አስተያዩት። እ.ኤ.አ. በ1938 የመጣው ሱፐርማን ቀን ቀን ጋዜጠኛ ነው፤ አደጋ ሲደርስ ወሬው ቀድሞ እሱ ጋ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1962 የመጣው ስፓይደርማን ገንዘብ ቢቸግረው ፎቶ እያነሳ ለጋዜጣ ይሸጣል። ባትማንማ ሀብታም ነው፤ እሱን ተዉት። የእኛው ልጅ ግን ከተማዋን የሚያውቃት ዲግሪውን፣ ኮፒውንና ሲቪውን በላስቲክ ክላሰር ይዞ በእግሩ ሲዞራት ነው። ሜክሲኮ ከቀላል ባቡሩ ድልድይ ሥር ቆማችሁ ከኮሜርስ በኩል የሚመጡትን ወጣቶች እዩ፤ ክላሰሩን በግራ ብብታቸው ሥር ይዘው፣ ማስታወቂያ ባዩ ቁጥር ቆም ይላሉ። «የሥራ ልምድ 0 ዓመት» የሚል ካገኙ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ ያነሳሉ። የትኛው ሕንፃ ጥበቃው ክፉ ነው፣ የትኛው ቢሮ ፎቅ ሊፍቱ አይሠራም፣ ሁሉን ያውቃሉ። ለኔ የጀምበር የመጀመሪያ ኃይል ይሄ እውቀት ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ ወዲያ የመጣ ነው።

ሁለተኛው ቲዎሪዬ ስለ ማንነቱ ምስጢር ነው። የሰፈራችን ስም የተወሰደባት አገር፣ ሜክሲኮ፣ ኤል ሳንቶ የሚባል ጭምብል ለባሽ የነጻ ትግል ተጋጣሚ ነበራት። ከትግል ሜዳ አልፎ የኮሚክና የፊልም ጀግና ሆነ፤ ጭምብሉን ለአሥርት ዓመታት በአደባባይ ሳያወልቅ ኖረ፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሞትም ጭምብሉን እንዳደረገ ተቀበረ። አዲስ አበባ ውስጥ ይሄ ይቻላል? ዕድር ባለበት፣ ጎረቤት ለቡና በሚጠራራበት፣ «ዛሬ ደግሞ የት ዋልክ?» በሚባልበት ሰፈር? አይቻልም። የጀምበርን ማንነት ቀድሞ የሚደርስበት ጠላት ወይም ጋዜጠኛ እንዳይመስላችሁ፤ ጎረቤት ነው። ደርሶበትም ዝም የሚለው ያው ጎረቤት ነው፤ የሰፈር ልጅ አሳልፎ አይሰጥማ። እጣን ኮሚክስ ያወጣት ሴቷ ጀግና «ሃዊ»ም እናቷ ታግታባት ነው ወደ ትግሉ የገባችው። እንግዲህ የእኛ ጀግኖች ታሪክ ከዘመድ ይነሳል፤ «የማን ልጅ ነው?» ያሉት እማማ ገጹን ሳይገልጡ ገብቷቸዋል።

አሁን ውርርዴን ላስቀምጥ። በአንዱ እትም አማኑኤል ለቃለ መጠይቅ ይጠራል፤ ጠዋት 3:00 ሰዓት፣ ዋናውንና ኮፒውን ይዞ። በዚያችው ሰዓት ደግሞ ከተማዋ ትፈልገዋለች። ይቀራል። ሰው ያድናል፤ ቤት ሲገባ ግን «ቃለ መጠይቁ እንዴት ነበር?» ለሚሉት የሚመልሰው የለውም። ከማንኛውም ክፉ ጠላት ይልቅ ያቺ ጥያቄ ናት የምትጥለው። ደራሲው ይሄን ገጽ የሠራ ቀን ሥራ ፈልጎ የሚያውቅ አንባቢ ሁሉ አክሱምን ረስቶ ስለ ራሱ ሰፈር ማሰብ ይጀምራል።

የእናንተስ ቲዎሪ? ሥራ ካገኘ ጀግንነቱን ይተወዋል ወይስ ፈቃድ እያስሞላ ነው ሰው የሚያድነው? ኮሜንት ላይ ጣሉት። ውርርዱን ያሸነፈኝ ምሳ በእኔ ነው፤ ሜክሲኮ እንገናኝ።