«ማን ላካችሁ?»

እስቲ ዛሬ ወደ ጣና ዳር ወረድ እንበልና አንድ የቆየ ጉዳችንን እናውጋ። የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ሳለን ሦስት ሆነን መጠይቅ ታቅፈን ባሕር ዳርን ስንዞር ዋልን። ጥያቄያችን አጭር ነበር፦ «ለአገር የሚበጀው የትኛው ፓርቲ ነው?» ሐይቁ ዳር ቡና የሚያፈሉ አንዲት እናት ከረከቦታቸው ቀና አሉና «ልጆቼ፣ ማን ላካችሁ?» አሉን። «ትምህርት ቤት ነው እናታችን።» ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው ለእናንተ የሚሻላችሁን ጻፉ» ብለው ቡናቸውን ቀዱልን።

ማታ ስንደምረው አብዛኛው መልስ «ሁሉም ደህና ናቸው» ሆኖ ቁጭ አለ። ያን ወረቀት ለገዢው ፓርቲ ብንሰጠው «ሕዝቡ ረክቷል!» ይል ነበር። ለተቃዋሚው ብንሰጠው ደግሞ «ሕዝቡ ፈርቷል፣ ስለዚህ የኛ ነው!»። መልሱ አንድ፣ ትርጉሙ ሁለት። የእናታችን ሐሳብ ግን የማንም አልሆነም፤ ሆድ ይፍጀው!

መቼም በአገራችን የምርጫ ሰሞን የሕዝብ አስተያየት መለካት አልተለመደም። ፓርቲዎች የሚቆጥሩት አደባባይ ነው። 1997ን ያስታውሷል። ሚያዝያ 29 ቀን ኢሕአዴግ መስቀል አደባባይን በደጋፊ ሞላው፤ በማግስቱ ሚያዝያ 30 ቅንጅት ሞላው። ሁሉም የራሱን ቀን ቆጠረ። ግንቦት 7 ድምፅ ተሰጠ። አዲስ አበባ ላይ አደባባዩ አልዋሸም፤ 23ቱንም የፓርላማ መቀመጫ ቅንጅት ወሰደ። ፓርላማው ግን 547 መቀመጫ ነው! የጎጃም ገበሬ ያን እሑድ መስቀል አደባባይ አልነበረም።

ብዛት ብቻውን እንደሚያሳስት አሜሪካኖችም አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ1936 «ሊተራሪ ዳይጀስት» የተባለ መጽሔት ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦ «ላንደን ያሸንፋል» አለ። ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ጠራርጎ ወሰደ። መጽሔቱ አንባቢዎቹን፣ ስልክና መኪና ያላቸውን ነበር አብዝቶ የጠየቀው።

እነሱ ዘንድ የከሰረው መጽሔቱ ነው። እኛ ዘንድ ግን ሁለቱም ወገን «አሸንፈናል» ብሎ ከመጀመሪያው ስላመነ ውጤቱ ሲያከራክር ወደኋላ የሚል ጠፋ። በኋላ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን የ193 ሲቪሎችንና የ6 ፖሊሶችን ሞት መዝግቧል። አንድ የታመነ ጥናት ቢኖር ያ ሁሉ ይቀር ነበር አንልም። ግን የጥናት ትልቁ ጥቅሙ አሸናፊን መተንበዩ አይመስለንም፤ ተሸናፊው ለሽንፈቱ ቀድሞ እንዲዘጋጅ ማድረጉ ነው።

ታዲያ ለምን አንጠይቅም? እዚህ ላይ ነው ወደ እናታችን የምንመለሰው። አፍሮባሮሜትር የተባለው የጥናት ተቋም መጠይቁን ሲጨርስ «የላከን ማን ይመስልዎታል?» ብሎ ይጠይቃል። መላሹ «መንግሥት» ካለ፣ ከዚያ በፊት የመለሰው ሁሉ በሌላ ዓይን ይነበባል። እ.ኤ.አ. በ2013 አገራችን ውስጥ ባደረገው ጥናት ሰዉ ለዴሞክራሲያችን ከፍተኛ ውጤት ሲሰጥ፣ አጥኚዎቹ ራሳቸው «ፍርሃት ይሆን?» ብለው ለመጠየቅ ተገደዋል።

እኛ ያኔ «የላከን ማን ይመስልዎታል?» የሚል መስመር መጠይቃችን ላይ አልነበረንም። ቡናቸውን ጠጥተን፣ ከፍለን፣ «ሁሉም ደህና ናቸው» የሚለው ላይ ምልክት አድርገን ሄድን። ዛሬ ብናገኛቸው መጀመሪያ የምንጠይቃቸው ማንን እንደሚመርጡ አይደለም። «እናታችን፣ ማን የላከን መስሎዎት ነበር?» ነው።

ቸር እንሰንብት!