የቤቱ ባለቤት በደጅ ሲቆም

በዛሬ ጊዜ ብዙ አጥቢያዎችና ሰንበት ትምህርት ቤቶች የየራሳቸውን ድረ ገጽ አቋቁመው የአገልግሎቱን ሰዓት፥ መዝሙሩንና ትምህርቱን በእርሱ ያሰማሉ። ከእነዚህም ብዙዎቹ የሚሠሩት በ1995 ዓ.ም. በግንቦት ወር ለሕዝብ በነጻ በተሰጠው፥ ዎርድፕረስ በሚባለው ፕሮግራም ነው። እንዲህ ያለው ድረ ገጽ በተከራዩት መሬት ላይ በገዛ እጅ እንደ ተሠራ ቤት ነው። በሩ አልከፈት ያለ እንደ ሆነ፥ ለፌስቡክ እንደሚደረገው ለኩባንያ አቤት ማለት የለም፤ አቤት ባዩም ዳኛውም ያው ባለቤቱ ነውና።

በምናገለግልበት አጥቢያ በአንድ ዓመት የሆሳዕና ዋዜማ የሆነው ይኸው ነበር። የሰሙነ ሕማማቱ መርሐ ግብር ይወጣ ዘንድ በአገር ውስጥም በውጭም ያሉ ምእመናን ሲጠባበቁ፥ የድረ ገጹ መግቢያ ማንንም አላስገባ አለ። ድረ ገጹን የሠራው ወጣት ዲያቆን ከሦስት ወር በፊት ለትምህርት ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ ነበርና፥ «የይለፍ ቃሉን ለውጦብን ሄደ» የሚል ወሬ ከአንድ ሰው አፍ ወጥቶ፥ ሳይመሽ የኮሚቴው ሁሉ እምነት ሆነ። የወቀሳ ደብዳቤም ተረቀቀ። ደብዳቤ ለማርቀቅ ያለንን ትጋት ለሌላው ሥራ ብናውለው ምንኛ በበጀን!

እኔ ግን ልጁን ከመመርመራችን በፊት በሩን እንመርምር አልሁ። በእጃችን ያለውን የይለፍ ቃል ብጽፍ፥ ገጹ አንዳች ሳይናገር ያንኑ ባዶ መግቢያ መልሶ አመጣልኝ። ቀጥዬ ሆን ብዬ የተሳሳተ ቃል ጻፍሁ፤ አሁን ግን የይለፍ ቃሉ ትክክል አለመሆኑን ገልጦ ገሠጸኝ። አንባቢ ሆይ፥ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት አስተውል። ዲያቆኑ ቃሉን ለውጦት ቢሆን ኖሮ ፊተኛውም እንደ ኋለኛው በተገሠጸ ነበር። ዝም ብሎ መመለሱ ቃሉ መታወቁን፥ እንቅፋቱም ከበሩ ወዲያ መሆኑን ያመለክታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትክክለኛው ቃል በተጻፈ ጊዜ ድረ ገጹ ኩኪ የምትባል ትንሽ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ይህችን ዘዴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለድረ ገጽ ያዋላት የኔትስኬፕ ኩባንያ ሠራተኛ የነበረው ሉ ሞንቱሊ፥ በ1986 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ የገባው ሰው በየክፍሉ ደጅ ይህችኑ ወረቀት ያሳያል፤ አንድ ክፍል አላውቃትም ያለ እንደ ሆነ ግን ያለ ንግግር ወደ ውጭ ይመልሰዋል። ይህን ከሚያደርጉት አንዱ በድረ ገጹ ላይ የሚታከለው፥ ፕለጊን የተባለው መሣሪያ ነው።

የቦታውን ኪራይ በየዓመቱ የሚከፍሉት ገንዘብ ያዡ ነበሩና፥ በአከራዩ ኩባንያ ዘንድ ባላቸው መዝገብ በጓሮ በኩል ገባን። በዚያም ፕለጊኖቹ ሁሉ የሚቀመጡበትን ማኅደር ስሙን ብቻ ለወጥነው፤ ምንም አልሰረዝንም። ፕሮግራሙ በቀድሞ ስማቸው ፈልጎ ስላጣቸው ሁሉንም ተዋቸው፥ በሩም ወዲያው ተከፈተ። ከዚያም ስሙን ወደ ነበረበት መልሰን አንድ በአንድ ስናስነሣቸው፥ አጥፊው ከሌባ ይጠብቀን ዘንድ የተተከለው ዘበኛ ፕለጊን ሆኖ ተገኘ። ከ2012 ዓ.ም. ነሐሴ ጀምሮ ዎርድፕረስ፥ ባለቤቱ ከፈቀደ፥ ፕለጊኖችን በራሱ ጊዜ ያድሳል፤ ይህም ዘበኛ ሁላችን ተኝተን ሳለ ሌሊት ታድሶ ነበር። ደብዳቤው ተቀደደ። ማታውን ለዲያቆኑ ስደውልለት የጠየቀኝ ስለ ፕለጊኑ ብቻ ነው፤ ስለ ሐሜቱ ያወቀው ነገር እንደ ሌለ ሳይ ደስ አለኝ።

ከዚህ ሌላ በእኛ አገር ሰው ላይ የሚደርስ እንቅፋት አለ። የይለፍ ቃሉን በአማርኛ ያደረገ ሰው «ፀሐይ» እና «ጸሐይ» ለእኛ አንድ ድምፅ ቢሆኑም ለመሣሪያው ሁለት የተለያዩ ቃላት መሆናቸውን አይዘንጋ፤ በሞክሼ ፊደላት ጉዳይ መሣሪያው ከቅኔ መምህር ይልቅ ጥብቅ ነው። የተጻፈው በነጥብ ተሸፍኖ ስለማይታይ፥ በመጻፊያው አጠገብ ያለችውን የዓይን ምልክት ነክቶ ማንበብ ይገባል።

የሰዓቱም ነገር አለ። ከይለፍ ቃሉ በላይ በስልክ ላይ የሚወጣ ስድስት አኃዝ የሚጠይቁ ድረ ገጾች፥ በ2003 ዓ.ም. በወጣው ደንብ መሠረት፥ ቍጥሩን ብዙውን ጊዜ በየ30 ሴኮንዱ የሚያሰሉት ከሰዓት ነው። አንዲት የመዘምራን ጸሐፊ ቍጥሯ ሁልጊዜ ውድቅ ቢሆንባት ስልኳን አየሁት፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት «2» ብሎ እንዲያሳያት በእጇ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መልሳዋለች። ሰዓቱን ራሱ እንዲያስተካክል ፈቅደን፥ የእኛን አቈጣጠር የሚያሳይ ሌላ ሰዓት በስልኩ ፊት ላይ አኖርንላት። የሚቀጥለው ቍጥር ሠራ።